ሦስት ሳምንት አይለቅም

ዘጠኙ ጥፍሮቼ ደህና ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ነገር አጋናኝ እንዳልባል ነው። ያስቸገረኝ አሥረኛው ነው፤ የቀኝ እጄ ጠቋሚ። በአራተኛው ቀን ቀለሙ ከጫፉ ብድግ አለ። ወደቀ አላልኩም፤ ቢወድቅማ በተገላገልኩ። እንደ አሮጌ ጣሪያ ቆርቆሮ ጠርዙን አንሥቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ይጎትታል፦ የሹራቤን ክር፣ የነጠላዬን ጥለት፣ የጸጉሬን ዘለላ። ፈተና ሳርም ገጽ ይገልጥልኛል፣ እሱን አልክድም።

ስሠራው የተነገረኝ ግን «ሦስት ሳምንት አይለቅም» ተብሎ ነው። እሱ ለቀቀ። እኔ አልለቅም።

የእህቴ ልጅ ከአምቦ ዩኒቨርሲቲ ልትመረቅ ነበር። ምረቃ ማለት ፎቶ ነው፣ ፎቶ ማለት ደግሞ አበባ የያዘ እጅ ነው። «አክስቴ፣ ሽላክ ተሠሪ፤ እጅሽን እንዲሁ ይዘሽ እንዳትመጪ» አለችኝ በስልክ። ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ እጅ ምን እንደሚመስል መምህራን ታውቁታላችሁ፤ ሎሚ ቢታሽ ግሊሰሪን ቢቀባ ያው ነው። አምቦ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ አዲስ አበባም 80 ገደማ ነው፣ ሁለቱም ጋ ጥፍር ሠሪ ሞልቷል። እኔ ግን የሰፈሬን ልጅ ላበረታታ ብዬ እዚሁ ጊንጪ፣ አስፋልቱ ዳር ካለች አንዲት ሳሎን ገባሁ። የከፈልኩት ገንዘብ አንድ ዶሮ ይገዛል። ዶሮዋ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቁላል ትጥልልኝ ነበር።

ለማታውቁት፣ ይህ ሽላክ የሚሉት ጄል እንደ እናቶቻችን ኩቴክስ አይደርቅም። እፍ ብትሉት፣ ብታራግቡት፣ ብታድሩበት እንደ ማር እንደተዝለገለገ ነው። የሚጠነክረው በብርሃን ነው፤ ጣታችሁን ትንሽዬ ምድጃ የምትመስል ማሽን ውስጥ ትከታላችሁ፣ ወይን ጠጅ ብርሃን ይበራል፣ ከደቂቃ በኋላ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል። ጥርስ ሐኪም የተቦረቦረ ጥርስ ሞልቶ አፋችሁ ውስጥ የሚያበራው ሰማያዊ መብራትም የሚሠራው በዚሁ ጥበብ ነው። አንድ ጊዜ ቤዝ፣ ሁለት ጊዜ ቀለም፣ አንድ ጊዜ ቶፕ፤ በየመሐሉ ማሽን። እዚህ ላይ የጊንጪ አንባቢ ፈገግ ማለት ጀምሯል። አዎ። ግራ እጄ አለቀ። የቀኙ ሁለተኛ ቀለም ተቀባ። መብራት ሄደ።

ልጅቷ ቅንጣት አልደነገጠችም። «ቲቸር አይጨነቁ፣ ፀሐይም ያደርቀዋል» አለችኝ። አልዋሸችም፤ ማሽኑ የሚረጨው ጨረር ከፀሐይም ይወጣል፣ ፀሐይዋ ቀስ ትላለች እንጂ። ችግሩ ወሩ ሰኔ መሆኑ ነው። አስፋልቱ ዳር ወጥቼ ቀኝ እጄን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። ደመናው ሲከፈት ፀሐይዋ ካረፈችበት እቆማለሁ፣ ሲዘጋ ወደ ሌላው እከተላታለሁ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ሰማዩንም እጄንም ካዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እንዲዘንብ ነው እንዲያባራ?» አሉኝ።

ከሳሎኑ ጎን አናጺ ቤት አለ። አናጺው የአልጋ ራስጌ በጨርቅ ጎማላካ ያሻል። ልብ በሉ፣ ይህ ጎማላካ የሚሉት ነገር ሽላክ ነው። ሕንድ አገር ዛፍ ላይ የሚኖሩ ደቃቃ ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ነው፤ በአልኮል ይሟሟል፣ ይቀባል፣ በነፋስ ይደርቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ ለጄል ቀለሙ ስሙን ብቻ ተዋሰ፤ ሙጫው ራሱ ውስጡ የለም። እናም አናጺው እውነተኛውን ሽላክ ያለ መብራት ሲያደርቅ፣ እኔ ስሙን ተቀብቼ መብራት እጠብቃለሁ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሰላምታው ነው። ሃያ ዓመት ያስተማረ ሰው መንገድ ዳር ሲቆም ከሚያልፈው ግማሹ የቀድሞ ተማሪ ነው፣ ግማሹ ወላጅ ነው። «አካም ጅርቱ ቲቸር!» ይመጣል፣ እጅ ይዘረጋል። ግራ እጄ ደርቋል፤ ግን በግራ ሰላም ከምል ጥፍሩ ይቅር። መውጫው አንጓ መስጠት ብቻ ነው። ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ፦ ሊጥ የነካት አንጓዋን ትሰጣለች፣ ጭቃ ያቦካ ክንዱን፣ ዶሮ የምትገነጥል ክርኗን። ተቀባዩም ምነው ሳይል የተሰጠውን ይዞ ይነቀንቃል። ይሄ ከባህላችን ሁሉ የምወደው ነው፤ የሥራ እጅ አይጠየቅም። የእኔ እጅ ግን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ የቼሪ ቀለም ጥፍር ተክሎ አንጓውን ሲሰጥ ሰዉ ግራ ገባው። ሊጡን ፈለጉት። አንዲት ወላጅ አንጓዬን አልለቅ ብለው «አመመሽ እንዴ?» አሉኝ።

በመጨረሻ የሥራ ባልደረባዬ መጣ። አንጓዬን ጨበጠ፣ ጥፍሬን አየ፣ ሳቀ። «ቲቸር፣ በዚህ ሊጥ ይቦካል?»

ይህ ሰው የግራ እጁን የትንሿን ጣት ጥፍር አሳድጓል። አንዷን ብቻ። ለምን እንደሆነ የጠየቀው የለም። እኔ ስብሰባ ላይ ጎኑ ስለምቀመጥ አውቃለሁ፦ ጆሮውን ይኮረኩርባታል፣ የሞባይል ካርድ ይፍቅባታል፣ ቁርጥ ሲበላ ደግሞ… ይቅር። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ የትንሿ ጣት ደግሞ ከሌሎቹ ትዘገያለች። የእሱ ከሥጋው አልፎ የወጣው ብቻ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። አሰላሁት። ቢያንስ አምስት ወር ነው! አምስት ወር ሙሉ በር ሲዘጋ፣ ልብስ ሲያጥብ (ያጥባል ካልን)፣ ብይ ሲጫወት እንዳትሰበር የተጠነቀቀ ሰው፣ እኔ አንድ ከሰዓት ብቀመጥ ሊጥ ትዝ አለው። በየሻይ ቤቱ፣ በየሚኒባሱ መሪ ላይ ያቺ ጥፍር አለች። «ወንድሜ፣ በዚች ማረሻ ይጨበጣል?» የተባለ ወንድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የሴት እጅ ግን የመንደሩ ነው። ሊጡም፣ ልጡም፣ ቅጡም ይጠየቅበታል። ሃያ ዓመት በዚህ እጅ አቡክቼ ማንም «ጎበዝ» አላለኝም፤ አንድ ቀን ሳላቦካ ግን ምስክር ተሰበሰበ።

ይባስ ብሎ ሰኞ ጠዋት በሰልፍ ላይ ጥፍር ቼክ የሚያደርገው እሱ ነው። በአርጩሜ ጫፍ፣ ያችን ጥፍር ቀስሮ።

ይህን ለራሴ ተናግሬ ሳልጨርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቀዘቀዝኩ። ቼክ ያደረግኩበትም ዘመን ነበር። አንድ ሰኞ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ልጅ ቀይ ኩቴክስ ተቀብታ መጣች። በጣቴ ጠቁሜ ከሰልፍ አወጣኋት፣ በምላጭ አስፋቅኋት። እያለቀሰች ፋቀችው። ቀዩ ብናኝ ጫማዋ ላይ ሲረግፍ አሁንም ይታየኛል።

ሳሎን ያለችው ልጅ እሷ ትሁን አትሁን እርግጠኛ አይደለሁም። አገጯ ይመስላል። «ቲቸር» የምትለኝ ስለምታውቀኝ ነው ወይስ እዚህ ሁሉም ቲቸር ስለሚለኝ? ልጠይቃት አስቤ ነበር፤ ግን ጣቶቼ በእጇ ውስጥ ነበሩ።

መብራት መጣ፣ ቶፑ ተቀባ፣ ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ተመረቀች። ፎቶው ላይ አበባው አሥሩንም ጥፍሮቼን ሸፍኗቸዋል። እንሶስላ ቢሆን ኖሮ ሥሩ ተወቅጦ፣ እጄ ላይ ታስሮ፣ አድሮ በቀላ ነበር፤ መብራት ኖረም አልኖረም።

ሰኞ ጠቋሚው ተነሣ። መጀመሪያ ፀሐይዋን ጠረጠርኩ፤ በደንብ ያልጠነከረ ጄል ይለቃል ይላሉ። ቀጥሎ ልብስ ማጠቤን ጠረጠርኩ። ጥፍር እንደኛ አገር ኮቲቻ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ላዩ ላይ ያለው ደግሞ አብሮት መለጠጥ አይችልም። ጥቁር አፈር ላይ ግድግዳ የሠራ ሰው ያውቀዋል። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል እዚሁ ጊንጪ ላይ ስለዚህ አፈር ለዓመታት አጥንቷል፤ ስለ ጥፍር ግን የመጣ ተመራማሪ የለም። ጭቃው ጫማዬ ላይ ከግንቦት ጀምሮ አለ። አልለቀቀም። ምላጩንም አልረሳሁትም። ከአሥር ጣት መርጦ ያችን፣ የጠቆምኩባትን?

በጥርሴ እንዳልነቅለው የጥፍሬን ገለባ ይዞ ይሄዳል አሉኝ፤ በአሴቶን ጥጥ፣ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ሩብ ሰዓት ተጠብቆ ነው የሚነሣው። ትናንት ሄድኩ። ልጅቷ ፈገግ አለች፣ ጣቴን ይዛ አገላበጠችው፣ «ውይ ቲቸር፣ ይሄማ እንደገና ነው የሚሠራው» አለች። መብራት የለም። «ትንሽ አረፍ ይበሉ፣ ይመጣል።»

ጠየቅኳት? አልጠየቅኳትም። ጎን ወዳለው አናጺ ቤት ወጣሁ። ራስጌው አልቆ ቆሟል፤ መልክ ያሳያል። «ደርቋል?» አልኩና በጣቴ ነካሁት። ቂጭ አለ። ከጫፍ እስከ መሐል ቀጭን ነጭ መስመር።

አናጺው መስመሩን አየ፣ ጣቴን አየ።

«ስንት ነው?» አልኩት፣ እጄን ነጠላዬ ውስጥ እየከተትኩ። አልጋ እንኳ አልፈልግም።