ኮፈኑን ሳትከፍት ከፈን አታውጣለት

ጎበዝ፣ የጁስ ብርጭቋችሁን አስቀምጡና ወደዚህ ጠጋ በሉ! አንድ ሰው መጥቷል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው በጣቶቹ ቆሞ፣ ያንን ነጭ አሮጌ ላንድክሩዘር በአገጩ እያሳየ «ይሄ ቅራቅንቦ እስካሁን አልተጣለም? ለቁራሌ ሽጡትና ተገላገሉ» ብሏል። የት ቆሞ? ወሎ፣ ውርጌሳ ላይ! መቼ? በሐምሌ! እንግዲህ የተናገረ ይስማ።

ወንድሜ፣ ኮፈኑን ሳትከፍት ከፈን አወጣህለት? ሞተሩ ሳይሞት ለቅሶ ተቀመጥክ? ያረጀው መኪናው አይደለም፣ ወሬህ ነው። ይህን ወሬ አባትህም ስለ አባቴ መኪና አውርቶታል። መኪናው አሁንም ይሄዳል፤ ወሬው ግን ይኸው ቆሟል።

አሮጌ ነው ትላለህ። አዎ፣ አሮጌ ነው። ግን ጠዋት አንድ ጊዜ ቁልፍ ሲዞርለት ይነሳል፤ አንተን ሦስት ማንቂያና አንዲት እናት ተባብረው አያነሱህም። ባትሪው ቢደክም ሁለት ጎረምሳ ገፍቶት ይነሳል፤ አንተን ቀበሌው በሙሉ ወጥቶ ቢገፋህ ንቅንቅ የለም። እሱ ሰው ይጭናል፤ አንተ ሰው ላይ ትጫናለህ። ሞዴሉ ሰባ ሲሪስ ይባላል፤ የሰባኸው ግን አንተ ነህ!

«የስንት ዓመት ዕቃ ነው?» ትላለህ ደግሞ። ዕድሜ መቁጠር ከወደድክ እንካ ቁጠር። ሰባ ሲሪስ መጀመሪያ ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 መጨረሻ ነው፤ በእኛ 1977 ዓ.ም. መሆኑ ነው። ወሎ ያን የረሃብ ዓመት እንዴት እንደሚያስታውሰው ለወሎ ልጅ አይነገርም። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ተለዋወጠ፣ የብር ኖቱ ተለወጠ፣ የአንተም ስልክ በየዓመቱ ተለወጠ፤ የሱ መሠረት ግን ያው ነው። ጃፓን ራሷ በሀገሯ መሸጡን አቁማ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ለአንድ ዓመት መለሰችው፤ በ2023 ደግሞ እንደገና አወጣችው። የሠራው ያላፈረበትን መኪና አንተ የምታፍርለት ምን ቤት ነህ? እ.ኤ.አ. በ1987 የቻድ ወታደሮች በቶዮታ ፒክአፕ እየተወነጨፉ የሊቢያን ታንክ ከበረሃው ሲያባርሩ ጦርነቱ በመኪናው ስም «የቶዮታ ጦርነት» ተባለ። አንተን በስምህ የጠራህ ጦርነት ይቅርና ዕቁብ አለ?

ቆይ፣ ገና ነኝ። «ናፍጣ ይጠጣል» አልክ። ይጠጣል! ጠጥቶ ግን ይሠራል፤ ጠጥቶ ሲፎክር ያደረን ሰው እኔ አውቃለሁ፣ አንተም ታውቀዋለህ። ደህና አስፋልት ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር 12፣ 13 ሊትር ይፈልጋል፤ ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ማንም አልደበቀህም። አሁን ሒሳብ እንሥራ፣ ጣትህን አውጣ። ሹፌሩንና ረዳቱን ቀንሰን 8 ኩንታል ማሽላ ጫንን። 20 ኪሎ ሜትር ክፉ መንገድ 4 ሊትር ቢበላ ለአንድ ኩንታል ግማሽ ሊትር ደረሰው። ባዶውን ቢመለስ እንኳ፣ መልሱን ደምረህ፣ አንድ ሊትር አይሞላም። ያንተዋ ትንሿ አውቶሞቢል ግማሹን ትጠጣለች፤ እውነት ነው። ግን አስፋልቱ ሲያልቅ እሷም ታልቃለች፤ ኩንታሉን ከዚያ ወዲያ ማን ይሸከመው? አንተ? ስልክህን መሸከም አቅቶህ አንገትህ ላይ አንጠልጥለሃል!

«ኤሌክትሪክ ግዙ» ማለትህንም ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ላይ ትክክል ነህ፤ ጭስ የሌለው መኪና ለዚያ ከተማ ይገባዋል፤ እሱን አልከራከርህም። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል። እዚህስ? መብራት ሲሄድ ምጣድ ላይ ያለው እንጀራ ግማሹ በስሎ ግማሹ ሊጥ ሆኖ ሲቀር ያየች እናት፣ ልጇ በምጥ በተያዘች ቀን ሶኬት ላይ ተስፋ አታደርግም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ፣ ወልድያና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት ከርመዋል። ናፍጣ በጀሪካን ይመጣል፤ መብራት በጀሪካን ይመጣል እንዴ? አምጣና አሳየን፤ እኔ ራሴ ጀሪካኑን ይዤልህ እሄዳለሁ።

«እሺ፣ አዲስ ላንድክሩዘር ግዙ» አልክ ደግሞ ሲጠብህ። ምላስህ ምን አለባት፣ ቀረጥ አትከፍል! ቀረጡን የሚከፍለው ሰው ግን ልቡን ይዞ ነው ዋጋ የሚጠይቀው። ያገለገለ ይግባ ቢባል እንኳ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሏል። ስለዚህ ሀገር ውስጥ ያለው፣ ሊብሬው በእጃችን የሆነው፣ ባሕርዩን እንደ ልጃችን የምናውቀው ይኸኛው ነው። የያዝነውን ጥለን የሌለንን እንድንነዳ ነው ምክርህ? ይሄ ምክርህ ፍሬም የለው፣ ፍሬንም የለው!

ና፣ ውርጌሳ ላይ ውርርድ እንያዝ። ያንተን አብረቅራቂ ይዘህ ከአስፋልቱ ውረድ። ግራና ድረስ ሂድና ግራና ቀኝህን እይ፤ ለመመለስ ማንን እንደምትለምን ታያለህ። ክረምት ላይ ዋልካው ጎማውን ሲይዝ እንዴት እንደሚይዝ ታውቃለህ? አበዳሪ እንኳ እንደዚያ አይዝም! የኛ ሹፌር እዚያ ሲደርስ አይጮኽም፣ ስልክም አያወጣም። ሱሪውን ይሰበስብና ይወርዳል። የፊት ጎማው መሐል ያለችውን ክብ ነገር በጣቱ ጭቃዋን ጠርጎ ከ«ፍሪ» ወደ «ሎክ» ያዞራታል፤ ዞሮ ሌላኛዋንም እንዲሁ። ይመለስና ከትልቁ ማርሽ አጠገብ ያለችውን አጭሯን ዘንግ ይስባታል። ቀጥሎ ነዳጅ ሳይሰጥ ማለት ይቻላል፣ በዝግታ፣ መኪናው ራሱን ከጭቃው እየነቀለ ይወጣል። ወንዝ ከሆነ ረዳቱ በትር ይዞ አስቀድሞ ይገባል፤ ውኃው ከበዛ ይጠብቃሉ፣ ደራሽ ከመጣ ጨርሶ አይሞክሩትም። አንተ ግን ስክሪንህ ላይ «መንገዱ ክፍት ነው» ስለሚል ትገባለህ። ወንዙ ስክሪንህን አላነበበም!

«መለዋወጫ» አልክ፤ እዚህ ጋ ወንበር ያዝ፣ ይረዝማል። የዚህ መኪና ትክክለኛው ልብ 1ኤችዜድ የሚሉት ሞተር ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር፣ እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ የሚሠራ። ቱርቦ የለውም፤ የሚቃጠል ቱርቦ የለማ። ናፍጣውን የሚልከው ሜካኒካል ፖምፓ ነው፤ የሚያኮርፍ ኮምፒውተር የለማ። ሲታመም በድምፁ ይናገራል፤ መካኒኩም በጆሮው ይሰማዋል። ባሌስትራው አንድ ቅጠል ቢሰበር አስረውት ገበያ ያደርሱታል፤ ማታ ይቀየራል። ፍሪሲዮኑን ዛፍ ሥር አውርደው ዛፍ ሥር የሚሰቅሉ ልጆች አሉን። ያንተ መኪናስ? አንዲት የጣት ጥፍር የምታህል ሴንሰር ተበሳጨችና መኪናው በሙሉ ሥራ አቆመ! ላፕቶፕ የያዘ ሐኪም ይጠራለት ይባላል። ከወልድያ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ሐኪሙ እስኪመጣ የተጫነው ማንጎ በስብሶ፣ ፍሬው በቅሎ፣ ሁለተኛ ዙር አፍርቶ ይጠብቀዋል!

«ወረቀቱ ላይ ግን የትኛውም መንገድ ይሄዳል ይላል» ብለህ የሻጭህን ብሮሹር አታሳየኝ። ጎረቤታችን ውጫሌ መሆኗን አትርሳ። በ1881 በዚያች መንደር በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ላይ የሆነውን የሚያውቅ ሰው ወረቀት ስላማረ አይፈርምም። መርሳ ከተማ አጠገብ ተቀምጠህ መርሳት አመልህ ሆነ እንዴ?

አሁን ጎበዝ፣ ትልቁን ልንገራችሁ። ይህ ሰው ቅራቅንቦ የሚለው በሞዴሉ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ባለው ቡናማ ጭረት ነው። ያንኑ ላንድክሩዘር ቪኤይት አድርገህ፣ መስታወቱን አጥቁረህ፣ ኮድ 4 ሰሌዳ ሰቅለህ ብታሳየው ተነስቶ ይቆማል። ያ ቪኤይት ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ከመሄድ ሌላ ምን ሠራ? ማዳበሪያ ጭኗል? ዘር አድርሷል? ጭቃ ያየው አጥቢዎቹ ጋ ሲሄድ ነው? ለዳገት የተፈጠረን አራት ጎማ አስፋልት ላይ ማሰልፈፍ ሀብት ማባከን ነው፤ ይህን ለማንም ቢሆን ፊት ለፊት እለዋለሁ። የተላጠ ቀለም ያለውን የሚሠራ ንቀህ የተወለወለውን የማይሠራ ካከበርክ የጎደለህ መኪና አይደለም። ብሎን ነው።

ደግሞስ የወረዳው አምቡላንስ ምን መሰለህ? ያው ነው! ያው ረጅሙ ሃርድቶፕ፣ ነጭ ተቀብቶ፣ ሳይረን ተሰክቶለት፣ ወንበሩ ወጥቶ አልጋ ገብቶለት። ጤና ጣቢያው ከደጋው ወላድ ወደ ወልድያ ሲልክ፣ አይሱዙ አልላከም፣ ባጃጅ አልላከም፣ ያንተንማ በሕልሙም አላሰባት። አምቡላንሱ ሌላ ሥራ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰው የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? ያንን «ይጣል» ያልከውን መኪና ባለቤት በር ነው፤ ሌሊት፣ ዝናብ እየጣለ። እሱም ማሽላውን አውርዶ፣ ፍራሽ አንጥፎ፣ ቁልፉን ያዞራል። እንዲህ ከተወለዱት ልጆች ስንቱ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ መኪናውን ገፍቶ የሚያስነሳው ራሱ ነው! አንተስ ወንድሜ፣ ተወልደህ ቤት የመጣኸው በምን እንደሆነ እናትህን ጠይቃት። እኔ ከመናገሬ በፊት ጠይቃት!

ዝም አልክ። ጥሩ፣ ዝምታህ እንኳ ከወሬህ ይሻላል። እስክትመልስ ለኛዎቹም ትንሽ ልበላቸው፤ ላንተ ብቻ አድልቼ አልሄድም። አሮጌ መኪና ያላችሁ ሆይ፣ አሮጌ ማለት የተተወ ማለት አይደለም። 8 ኩንታል የሚችለውን 15 ጭናችሁ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ስድስት ሰው ሰቅላችሁ፣ «ጠንካራ ነው» ማለት ጥንካሬውን መስረቅ ነው። የሱ ጥንካሬ ሻሲው ላይ እንጂ ጣሪያው ላይ አይደለም፤ ቁልቁለት ላይ ጣሪያው ከከበደ ይገለበጣል፣ ምስክር አያስፈልገውም። ፍሬን ሸራ አልቆ ብረት በብረት ሲፋቅ እየሰማ ሙዚቃ ድምፅ የሚጨምር ሹፌር ደግሞ መኪናውን አይደለም፣ መንጃ ፈቃዱን ነው ለቁራሌ መስጠት ያለበት። ዘይት ሲጠቁር «ገና ነው»፣ ውኃ ሲያንስ «ይደርሳል»፣ ቦሎ ሲያልፍ «ማን ያየናል»! ሞተሩ በ30 ዓመቱ የሚወድቀው አርጅቶ ሳይሆን እንዲህ ተንቆ ነው።

አንተም ወንድሜ፣ ተመለስ፣ ኩርፊያ የለም። ሐምሌ ነው፣ መኪናህ ጭቃ ውስጥ እንደምትቀር እናውቃለን። ገመዱ ኋላ ወንበር ሥር አለ፤ አውጥተን እንጎትትሃለን፣ ገንዘብም አንጠይቅህም። አንድ ነገር ብቻ ነው የምንጠይቅህ፦ ስትወጣ በአገጭህ ሳይሆን በእጅህ እያሳየህ «ይኼ ነው ያወጣኝ» በል፤ ጁስ ቤቱ በሙሉ እየሰማ።

ባለ አሮጌ ላንድክሩዘር አንባቢዬ፣ ለመጣ ደላላ ሁሉ ዋጋ አትጥራ። በየዓመቱ ከክረምቱ በፊት ግን የፍሬን ሸራውን አስፈትሽ፣ የሞተሩንና የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሉን ዘይት ቀይርለት፣ የፊት ጎማዎቹን ሎክ እየዘጋህና እየከፈትክ መሥራቱን ሞክረው። ወንዝ ውስጥ ቆመህ ለመሞከር አትጠብቅ።