በግቢ ስለሚበቅሉ ኮምጣጣ ፍሬዎች አመዳደብ፤ በተለይም «መድኃኒት ነው» ስለሚባለው

የዕፅዋት ሊቃውንት የብርቱካንን ዘመዶች ቆጥረው ቆጥረው በዋናነት ሦስት ቅድመ አያቶች ላይ ያደርሷቸዋል፤ ትርንጎ፣ መንደሪንና ፖሜሎ የሚባለው የሰው ራስ የሚያክል ፍሬ። ብርቱካን የፖሜሎና የመንደሪን ዝርያ ነው። ግሬፕ ፍሩት ደግሞ ይኸው ብርቱካን ባርባዶስ ደሴት ላይ ከፖሜሎ፣ ማለትም ከገዛ ወላጁ ጋር ተገናኝቶ ያስገኘው ነው። በ1750 እ.ኤ.አ. ስለ ደሴቲቱ የጻፈ አንድ ቄስ «የተከለከለ ፍሬ» ያለው እሱን ነው ይባላል። የዘር ሐረጉን ላየ ሰው ስሙ አይበዛበትም።

ይህ አመዳደብ ለቤተ ሙከራ ይበቃ ይሆናል፤ ለግቢ ግን አይሠራም። የግቢ ዛፍ ስሙን የሚያገኘው ችግኝ ሻጩ በዚያን ዕለት አፉ ላይ ከመጣለት ነው። ስለዚህ እኛ ፍሬዎቹን የምንመድበው በባለቤቱ እምነትና በእንግዳው ፊት መሠረት ይሆናል።

ሎሚ ጥናት አያሻውም። ዶሮ ያጥባል፣ ጉንፋን ያስታምማል፣ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ አፍንጫ ሥር ተይዞ የሚያቅለሸልሸውን መንገደኛ ካሰበበት ያደርሳል። ጎረቤት በአጥር ላይ እጁን ሰዶ ቢቀጥፈው እንኳ የሚቆጣ የለም። ይህን ያህል ሥራ ያለበትን ፍሬ በምርምር ማስቸገር ተገቢ አይደለም። ስለ መንደሪን በቂ መረጃ ማሰባሰብ አልተቻለም፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ዛፉ ላይ የበሰለ መንደሪን አይታይም፣ ልጣጩ ግን አልጋ ሥር ይገኛል። ትርንጎ ተገልብጦ የተፈጠረ ነው፤ የሚበላው ወፍራሙ ነጭ ልጣጩ ሲሆን ውስጡ ያለው ነገር ለወጉ ያህል የተቀመጠ ነው። ባለቤቱ ይህን ለእያንዳንዱ እንግዳ እንደ አዲስ ማስረዳት ስላለበት፣ ትርንጎ ያለው ሰው ውሎ አድሮ የመምህር ጠባይ ይይዛል።

ትንሽ ቆም የሚያሰኘው «ነበር ብርቱካን» ነው። የተዳቀለ የብርቱካን ችግኝ ከላይ ብርቱካን፣ ከታች አብዛኛውን ጊዜ ኮምጣጤ የሚባለው ጠንካራ ዘመዱ ነው። ከድቃዩ በታች አንድ ቀን እሾኻም ቡቃያ ብቅ ይላል። ባለቤቱ መቁረጥ ሲገባው ይደሰታል። «ያዘ እኮ! እዩት እንዴት እንደሚያድግ!» ይላል። ቡቃያው በእርግጥ ያድጋል፤ የላይኛው ብርቱካን ቀስ በቀስ ይደርቃል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግቢው ውስጥ ያለው ሙሉ በሙሉ ኮምጣጤ ነው፤ ማዕረጉ ግን አልተነሳበትም። ቤተሰቡ አሁንም «ከብርቱካኑ ሥር» ወንበር አውጥቶ ቡና ይጠጣል።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ግሬፕ ፍሩት እንግባ፤ እሱም አዲስ አበባ ወደበቀለው።

ግሬፕ ፍሩት ሙቀት ወዳድ ነው። አዋሽ ሸለቆ ውስጥ እንደ ኑራ ኤራ ባለ፣ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ በሚገኝ ቆላ፣ ፀሐዩ ኮምጣጣነቱን ያበርድለታል። አዲስ አበባ ግን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ልጣጩ ይወፍራል፣ ሆምጣጣነቱ ይቆያል። ይባስ ብሎ የሌሊቱ ብርድ ልጣጩን ቶሎ ቢጫ ያደርገዋል። ውስጡ ገና ጥሬ የሆነ ፍሬ ከውጭ የበሰለ መስሎ ይንጠለጠላል፤ ባለቤቱም ጎረቤትና ወፍ ሳይቀድሙት ይለቅመዋል። ከዚያ እንግዳ ይጠራል።

የቅምሻው ሥርዓት የታወቀ ነው። ፍሬው ለሁለት ተከፍሎ በሳህን፣ ከሻይ ማንኪያ ጋር ይቀርባል። እመቤቲቱ ትቀመጣለች፤ እሷ አትበላም፣ ታያለች። የመጀመሪያው ማንኪያ ሲገባ ጭማቂው ወደ እንግዳው ዓይን ይረጫል፤ ይህ ለእንግዳው ትልቅ ውለታ ነው፣ ፊቱ ለምን እንደተጨማደደ ምክንያት ይሆነዋል። «እንዴት ነው? የግቢያችን እኮ ነው» ትላለች። ስኳር ጠረጴዛው ላይ አይቀርብም። ባለቤቷ ካቀረበች ማመኗ ነው፣ እንግዳው ከጠየቀ ስድብ ነው።

እንግዳው የሚሰጠው ምስጋና በሦስት ይከፈላል። አንደኛው «ውሃው እንዴት ብዙ ነው!» የሚለው ሲሆን አንድ ዓይን ጨፍኖ ይባላል። ሁለተኛው «ጠረኑ ብቻ!» የሚለው ነው፤ ይህን የሚል ሰው ፍሬውን ከአፉ አርቆ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ሦስተኛውና ከፍተኛው «መድኃኒት ነው» ነው። ከመድኃኒት ማንም ጣዕም ስለማይጠብቅ ይህ ምስጋና ሐሰት ሳይናገሩ የሚሸሹበት በር ነው። በውስጡም ለጉንፋን የሚሆን፣ ለስኳር የሚሆንና «ለሁሉም ነገር» የሚሆን አለ። ወንድ እንግዶች ዕድሜያቸው ከገፋ «ለግፊት ፍቱን ነው» ማለት ይወዳሉ።

እዚህ ላይ ሳይንስ ጣልቃ ይገባል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ፌሎዲፒን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ከአልኮል ጋር ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ይፈትሹ ነበር። ተሳታፊዎቹ የአልኮሉን ጣዕም እንዳይለዩ በግሬፕ ፍሩት ጭማቂ ሸፈኑት። ሌላውን ነገር እንዲያጣፍጥ ግሬፕ ፍሩት የተመረጠበት አጋጣሚ ብዙ አይመስለኝም። ውጤቱ ሲታይ የመድኃኒቱ መጠን ደም ውስጥ ከተጠበቀው በላይ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ጥፋተኛው አልኮሉ ሳይሆን ጭማቂው ነበር። ፍሬው አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ሥራ ያስፈታዋል፤ ይህም ከአንድ ቀን በላይ ይዘልቃል። አንዳንድ የኮሌስትሮል መድኃኒቶችንም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ኪሳቸው ውስጥ የግፊት ክኒን ይዘው «ለግፊት ፍቱን ነው» የሚሉት ጋሼ ሁለተኛውን ግማሽ ከማንሳታቸው በፊት ፋርማሲ ጎራ ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የተለቀመውን ለማጣፈጥ የሚደረገው ጥረት የተለየ ምዕራፍ ይገባው ነበር። ዋናው ዘዴ ጤፍ ውስጥ መቅበር ነው። አቮካዶ ጤፍ ውስጥ ከርሞ ይበስላል፤ ግሬፕ ፍሩት ግን አንዴ ከተቀጠፈ ወዲያ ጣፋጭ ልሁን ብሎ አያስብም። ሳምንት ቆይቶ ጤፍ እንደለበሰ እንደኮመጠጠ ይወጣል።

እርግጥ መፍትሔው ምንም ሥራ የለበትም፤ ዛፉ ላይ መተው ነው። የደረሰ ግሬፕ ፍሩት ሳይረግፍ ለወራት ቅርንጫፉን ይዞ መቆየት ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ኮምጣጣነቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በየግቢው አንድ ያልተመደበ ዓይነት አለ፦ እጅም ዘንግም ያልደረሰበት የጫፉ ፍሬ። እንግዳ ያልቀመሰው፣ «መድኃኒት» ያልተባለው። እሱን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሰው ስሙን አይጠይቅም፣ ስለ ውሃውም ስለ ጠረኑም አያወራም፤ ነጩን መራራ ሽፋን በጣቱ እየገፈፈ ፍልቃቂውን አንድ በአንድ ይበላል፣ አገጩን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ቀና ብሎም ሌላ መኖሩን ያያል።

የቀሩትን ክፍሎች፣ ማለትም ስለ ማርማላታ፣ ስለ ልጣጭና ስለ ጎረቤት፣ የሚፈልግ ሰው ቢመድባቸው አልከለክልም። እኛ ግቢ ጫፉ ላይ አራት ቀርተዋል፤ የሚያውሰኝ መሰላል ያለው ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።