ተሳፋሪው ማዳበሪያ፣ አጃቢው ሰው፦ ስለ ወለጋ የበዓል ጉዞ የቀረበ ጥናት

መስቀል ሲቃረብ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ የሚወስደው 330 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ለምን በተጓዥ እንደሚጨናነቅ እስካሁን ሁለት ማብራሪያዎች ሲሰጡ ቆይተዋል። አንደኛው በዓሉ መስከረም 17 ስለሚውል ነው ይላል። ሁለተኛው ሰው ዘመዱ ስለሚናፍቀው ነው ይላል። ይህ ጥናት ሁለቱንም በአክብሮት ሰምቶ ወደ ጎን ያስቀምጣቸዋል። የአውቶቡሱን ጣሪያ ቀና ብሎ ያየ ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ በዚህ መንገድ ላይ በዋናነት የሚጓዘው በማዳበሪያ ከረጢት የታሰረ ዕቃ ነው። ሰውየው አጃቢ ነው።

ታሪካዊ ዳራ

ነቀምቴ ለመድረስ ብዙ ጊዜ ከፈጀባቸው መንገደኞች ግንባር ቀደሙ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። በስዊድን ትምህርቱን አጠናቆ እ.ኤ.አ. በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ኦሮሞ ምድር ለመግባት ተነሣ፤ ድንበሩ አካባቢ ደርሶ ተመለሰ። ነቀምቴ የገባው በ1904 ነው። በነዚህ 23 ዓመታት ውስጥ በአስቴር ጋኖ እገዛ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 አሳትሟል። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ቆይታ የሚቀርበው፣ ረዳቱ «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን!» ካለበት ደቂቃ አንሥቶ መኪናው ከመናኸሪያ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ነው። ልዩነቱ በዚህኛው ጊዜ ምንም ነገር አለመተርጎሙ ነው።

የመሄጃ ጭነት

ከአዲስ አበባ የሚነሣው ማዳበሪያ ይዘቱ ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለወጥም፦ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ለአያት የጉልበት ቅባት፣ ለልጆች ደግሞ ቁጥሩ ባለፈው ዓመት በስልክ የተነገረ ጫማ። አንዳንድ ጀማሪ ተጓዦች የታሸገ ቡና ይጨምራሉ። እንግዲህ የወለጋ ቡና በዓለም ገበያ «ለቀምት» ተብሎ በከተማይቱ የቀድሞ ስም የሚሸጥ ነው። አክስት ፓኬቱን ተቀብለው «ተባረክ ልጄ» ይላሉ፤ ከስኳሩ ኋላ ያስቀምጡታል፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም።

በመንገድ ላይ የታዩ ክስተቶች

አምቦንና ጉደርን አልፎ፣ የጌዶን ዳገት ወጥቶ፣ መኪናው ወደ ባኮ ሲወርድ ሙቀቱ ይጨምራል፤ በመስኮት በኩልም የበቆሎ እሸት ይገባል። ባኮ የበቆሎ ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ በመላ አገሪቱ የታወቀው «ቢ ኤች 660» ዝርያ የመጀመሪያውን ፊደል ያገኘው ከእሷ ነው። የሚሄድበት ቤት ጓሮው በሙሉ በቆሎ የሆነ ተጓዥም እዚህ ይገዛል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ማዳበሪያው ጣሪያ ላይ ስለሆነ እጁ ባዶ ነው፤ በባዶ እጅ ደግሞ ወለጋ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ስልክ ይጀምራል። «የት ደረስክ?» ሲባል ባኮ ያለ ተጓዥ ስሬ ነኝ ይላል፤ ስሬ ያለው ነቀምቴ መግቢያ ላይ ነኝ ይላል። ነቀምቴ ያሉት ዘመዶችም ይህን ስለሚያውቁ ምጣዱን የሚጥዱት ሦስተኛው ስልክ ሲደወል ነው።

የርክክብ ሥነ ሥርዓት

ተጓዡ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ምርመራ ይደረግለታል። ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ሁቀቴ!» ከስተሃል። ይህ ብያኔ ከሚዛን ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ቀበቶው አልዘጋ ያለውም ሰው ተብሎታል። ሕክምናው ወዲያው ይጀመራል። አንጮቴ በካልሲየም የበለጸገ፣ አጥንት ለተሰበረ ሰው የሚመከር የምዕራቡ አገር ሥራ ሥር ነው። ምንም ያልተሰበረ እንግዳም ይታዘዝለታል፤ ይሰበር ይሆናል ተብሎ ይመስላል። ከዚያ ቡና ቀላ፣ በቅቤ የተጠበሰው ቡና፣ እንደ ቆሎ ይቀርባል። ጩምቦ ሲመጣ አኮ፣ ማለትም አያት፣ ወፍራሙን ቂጣ በጣታቸው ጠርዙን ቀና አድርገው ቅቤው ከሥር መድረሱን ያያሉ። ካልደረሰ ማንኪያው ይመለሳል። ደርሶም ከሆነ ይመለሳል።

የድሮ ጓደኞች ምዕራፍ በሁለት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። የመጀመሪያው «መቼ መጣህ?» ነው። «ከትናንት ወዲያ» ያለ «እና እስካሁን ሳትጠይቀኝ!» ተብሎ ይከሰሳል፤ ስለዚህ በነቀምቴ አደባባይ የሚታይ እንግዳ ሁሉ «አሁን ገና መውረዴ ነው» ይላል። ሁለተኛው «መቼ ትመለሳለህ?» ሲሆን፣ ለዚህ ትክክለኛ መልስ እስካሁን አልተገኘም። «ነገ» ካሉ «ምነው፣ እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው?» ይባላል። «ገና ነኝ» ካሉ ደግሞ የምሳ ግብዣ ይመጣል፤ በማግስቱም ጊምቢ ያለው የአጎት ልጅ «እኔስ?» ብሎ ይደውላል።

የመመለሻ ጭነት

የመመለሻው ማዳበሪያ የሚሞላው ሌሊት፣ ተጓዡ ሲተኛ ነው። ቅቤ፣ በጀሪካን ማር፣ አንጮቴ፣ ያልተቆላ ቡና፣ የተፈጨ በርበሬ። ጠዋት አክስት «ምንም አልያዝኩልህም፣ ትንሽ ነገር ናት» ይላሉ፤ ትንሿን ነገር ሁለት ጎረምሶች ተጋግዘው ያነሷታል። በዚህ ቤት «እንወድሃለን» ሲባል አልተሰማም። ሰው የተወደደው በተጫነበት ልክ ነው፤ ጭነቱም በኪሎ ይለካል።

በቅርብ ዓመታት «መንገዱ እንዴት ነው?» የሚለው ጥያቄ ስለ ጭቃ መሆኑ ቀርቶ ስለ ጸጥታ ሆኖ ነበር። ከዚያ «ዘንድሮ አትምጡ» የተባለባቸው በዓላት አልፈዋል። የጥናታችን ጠንካራ ማስረጃ የተገኘው በዚያን ጊዜ ነው፦ ሰው ባልሄደበት በዓል እንኳ ቅቤው በሚታመን ሹፌር እጅ ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቷል። አጃቢው ቢቀርም ተሳፋሪው አልቀረም።

ማጠቃለያ

ቀሪው ጥያቄ ተጓዡ በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይመለሳል የሚለው ነው። ናፍቆት የሚሉ አሉ። የዚህ ጥናት መልስ ግን ጀሪካኑ ነው። ማሩ ካለቀ በኋላ ጀሪካኑ የሰው ዕቃ ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ስለዚህ ዘይት ተሞልቶ መሄድ አለበት። ዘይቱ የሚገለበጥበት ዕቃ አክስት ጋ ስለማይጠፋ ጀሪካኑ እንደገና ማር ይይዛል። ይህ ዑደት እንዲቋረጥ አንዱ ወገን ዕቃ ባዶውን መመለስ ይኖርበታል፤ ከሁለቱ ወገኖች አንዱም ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ሆኖ አልተገኘም።

በመሆኑም በቤቱ የዘመድ ጀሪካን ያለ አንባቢ የመስቀሉን ትኬት በጊዜ እንዲቆርጥ ይመከራል።