ሲቀጥሩ በመስክ፣ ሲመድቡ በክፍተት

ለሥራ ማስታወቂያ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማስታወቂያው «ዕፅዋት ሳይንስ» ካለ፣ ዲግሪው ላይ «ሆርቲካልቸር» ተብሎ የተጻፈለት ልጅ መዝጋቢው ፊት ደርሶ ይመለሳል። «ብዙዎቹን ኮርሶች አብረን ነው የተማርነው» ቢል ሰሚ የለውም። «ወይም ተመሳሳይ የትምህርት መስክ» የሚል ሐረግ ይጨመራል፤ ተመሳሳዩ የቱ እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ወረዳው ወደ ዞን፣ ዞኑ ወደ ክልል ይመራል። ከእኛ ወረዳ ከሸርቆሌ እስከ ክልሉ መቀመጫ አሶሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «ይመሳሰላል» የምትል አንዲት ደብዳቤ ለማግኘት ስንቱ ወጣት ያንን መንገድ እንደተመላለሰ እኛ የዚህ አገር ሰዎች እናውቃለን።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ከቅጥር ደጃፍ አያልፍም። ሰውዬው አንዴ መምህር ከሆነ በኋላ የያዘው ትምህርት ከተማረው ጋር ይገናኝ እንደሆነ የሚጠይቀው የለም። በጂኦግራፊ ተቀጥሮ ኢኮኖሚክስ ይሰጠዋል። በፊዚክስ ተቀጥሮ አይሲቲ ይጨመርለታል። በታሪክ ማስተርስ ያለው «ለጊዜው ይህችንም ሸፍናት» ይባላል፤ ያ ጊዜያዊ ኮርስ ዓመት ከዓመት እሱው ላይ ይቀራል። በአንድ ቃል ልዩነት ሥራ ፈላጊ የምትመልስ አገር፣ በምደባ ጊዜ ሙሉ የትምህርት ዘርፍ ሲዘለል ዝም ትላለች። ስንት ጊዜ ተናገርን! አሁንም ከመናገር ሌላ ምን አለን?

ነገሩ በአገር ሁሉ ያለ ነው፤ ዳር አገር ግን ይብሳል። አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ትልቅ ተስፋ ነበር፤ የበርታው፣ የጉሙዙ፣ የሽናሻው፣ የማኦውና የኮሞው ልጅ በገዛ ክልሉ ዲግሪ የሚማርበት ቤት ተገኘ። መምህር መሆን ለሚፈልገው ደግሞ ከአባይ ማዶ፣ መተከል ውስጥ፣ ግልገል በለስ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አለ። ተቋም ማቋቋም ግን አንድ ነገር ነው፤ በየኮርሱ የተማረ ሰው ማቆየት ሌላ። በዳር አገር ኮሌጆች የታወቀው ነገር ይህ ነው፦ አዲስ ምሩቅ መምህር ይመጣል፣ ትንሽ ቆይቶ ትምህርቱን ለማሻሻል ይሄዳል፣ ከዚያ ወይ ይዛወራል ወይ በዚያው ይቀራል። ሰውዬው ሲሄድ ኮርሱ አብሮት አይሄድም። ሴሚስተሩ ይጀመራል፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ስም ዝርዝር ይዞ የማስተማሪያ ሰዓት ድርሻው (ሎዱ) ያልሞላ መምህር ይፈልጋል፣ ያገኘውን ይመድባል። ኃላፊውም ቢሆን ምን ያድርግ? ተማሪው ክፍል ተቀምጦ እየጠበቀ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ደግሞ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የጋራ ኮርሶች በአገር አቀፍ ደረጃ መጡ። ሐሳቡን አንቃወምም። ሎጂክ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ ግሎባል ትሬንድስ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ ሁሉም ለወጣት የሚጠቅሙ ናቸው። ግን ሎጂክ የፍልስፍና ምሩቅ ይፈልጋል፤ ኢንክሉሲቭነስ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ ይፈልጋል፤ አንትሮፖሎጂም አንትሮፖሎጂስት ይፈልጋል። እነዚህ የትምህርት ክፍሎች የሌሉት ወጣት ዩኒቨርሲቲ በመቶዎች ለሚቆጠሩ ፍሬሽማኖች ባለሙያውን ከየት ያምጣ? ሞጁሉ ተዘጋጅቶ መጣ፣ አስተማሪው አልመጣም። ስለዚህ ሞጁሉን ማንበብ የሚችል ሁሉ ማስተማርም ይችላል ተባለ። ተማሪው ከሞጁሉ ውጭ አንድ ጥያቄ ሲያነሳ ትምህርቱ እዚያው ይቆማል።

ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስንወርድ ሌላ ችግር አለ፤ ይህኛው የሒሳብ ችግር ነው። አንድ ትምህርት ለአንድ ክፍል በሳምንት ሦስት ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና ትምህርት ቤቱ አራት ክፍሎች ብቻ ቢኖሩት፣ የዚያ ትምህርት መምህር 12 ክፍለ ጊዜ ይዞ ይቀመጣል። ርዕሰ መምህሩ ለ12 ክፍለ ጊዜ አንድ ሙሉ ሰው ማስቀመጥ አይፈቀድለትም፤ የጎደለውን በሌላ ትምህርት ይሞላዋል። ትንንሽ የገጠር ትምህርት ቤቶች ሁሉ እንዲህ ናቸው። ድሮ ለዚህ መላ ነበረው፦ የመምህርነት ተማሪ ሜጀርና ማይነር ይዞ ይመረቅ ስለነበር ሁለተኛ ትምህርቱን ሲሰጥ ባዶ እጁን አልነበረም። በ2011 እ.ኤ.አ. የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ ሲጀመር ግን አንድ ሰው በአንድ ሙያ ተመርቆ፣ በላዩ ላይ የማስተማር ዘዴ ተምሮ እንዲወጣ ተደረገ። ለብዙ ክፍል ትምህርት ቤት ይህ ያስኬድ ይሆናል። ሸርቆሌን ለመሰለ ወረዳ ግን ማይነሩ ሲጠፋ በቦታው ምንም አልተተካም። ሁለተኛ ትምህርት ማስተማሩ እንዳለ ነው፤ የቀረው ለእሱ የሚሰጠው ሥልጠና ነው።

ሰው በብዛት ባለበት ቦታ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ «ኮርሱ የእኛ ነው» የሚል ጭቅጭቅ። ባዮስታቲስቲክስ የስታቲስቲክስ ነው ወይስ የኅብረተሰብ ጤና? የኢንጂነሪንግ ሒሳብን ሒሳብ ክፍል ያስተምረው ወይስ ኢንጂነሪንግ? የንግድ ሕግ ለሕግ ትምህርት ቤት ነው ወይስ ለማኔጅመንት? ክርክሩ ተማሪው ከማን ይበልጥ ይማራል በሚለው ቢሆን ደግ ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሎድ ለመሙላትና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለማግኘት ነው። ስለዚህ ኮርሱ አንድ ሴሚስተር እዚህ፣ አንድ ሴሚስተር እዚያ ይንከራተታል፤ ተከታትሎ የሚያሻሽለው ባለቤትም አያገኝም።

ከላይ ያሉት ሲቆጥሩም ሲያቅዱም የሚያዩት የዲግሪውን ደረጃ ነው። በአምስተኛው የትምህርት ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስብጥር 0፡70፡30 እንዲሆን ታቅዶ ነበር፤ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያስተምር እንዳይኖር፣ 70 በመቶው ማስተርስ፣ 30 በመቶው ዶክትሬት እንዲኖረው። ግቡ መልካም ነው። ነገር ግን ዶክትሬት ያለው ሰው ካልተማረው መስክ ኮርስ ይዞ ክፍል ቢገባ በዚያ ስሌት ውስጥ እንደ ስኬት ይቆጠራል። ለተማሪው የሚሻለው የቱ ነው? በመስኩ ማስተርስ ያለው ወይስ ከመስኩ ውጭ ዶክተር የሆነው?

ውጤቱን ሁላችንም አይተነዋል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ሲጀመር ከ150 ሺህ በላይ ተመራቂዎች ተፈትነው ያለፉት 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት በ12ኛ ክፍል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶው ነው፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመጽሐፍ እጥረት አለ፣ ጦርነት አለ፣ ረሃብ አለ፣ በእኛም ክልል የመተከልና የካማሺ የጸጥታ ችግር አለ። ሁሉን በምደባ አናላክክም። ነገር ግን ፈተናው ሲወጣ ተማሪው ወደቀ ይባላል፣ ትምህርት ቤቱ ወደቀ ይባላል፤ ያንን ትምህርት ያስተማረው ሰው በምን ተመርቆ ነበር ብሎ የሚጠይቅ አይሰማም። 12ኛ ክፍል ካላለፉት የተወሰኑት ደግሞ በሬሜዲያል ወደ ዩኒቨርሲቲ ተላኩ፤ ሎዱ ሞልቶ የፈሰሰው መምህር እንደገና የሁለተኛ ደረጃውን ትምህርት ይዞ ገባ።

መምህሩን አንወቅስም። ሌሊት ቁጭ ብሎ የማያውቀውን እያነበበ ነገ ለሚገባበት ክፍል የሚዘጋጀው እሱ ነው። ተማሪ ፊት የሚያፍረውም እሱ ነው። እምቢ ቢል ተባባሪ አይደለም ይባላል፤ እሺ ቢል ደካማ አስተማሪ ተብሎ በተማሪ ይገመገማል። 

ሌላው ዓለምም ይህን ችግር ያውቀዋል፤ መላም አበጅቶለታል። የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶችን ኮሌጆች የሚመዝነው አካል የኮሌጅ ጠቅላላ ትምህርት ኮርስ የሚያስተምር ሰው ማስተርስ እንዲኖረው፣ ቢያንስም 18 የድኅረ ምረቃ ክሬዲት በዚያው መስክ የወሰደ እንዲሆን በመመሪያው ያመለክታል። በካሊፎርኒያ የማኅበረሰብ ኮሌጆች ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሕግ ወዲህ የትምህርት መስኮች ዝርዝር አለ። እያንዳንዱ ኮርስ በመምህራኑ ሴኔት አማካይነት በአንድ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ መስክ ሥር ይመደባል፤ ለዚያ መስክ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ዲግሪ ተጽፎ ይቀመጣል፤ ዲግሪው ሳይኖረው እኩል ዕውቀት ያለውም በምን ሥርዓት እንደሚመዘን ተደንግጓል። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም፤ ሠንጠረዥ ነው።

ይህ «እኩል ዕውቀት» የሚባለው መንገድ ደግሞ ለሸርቆሌ ከማንም በላይ ይጠቅማል። እዚህ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስደተኞች መጠለያ ሲኖር ኖሯል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ወዲህም ብዙ ሰው በኩርሙክ በኩል ገብቷል። ከመካከላቸው ካርቱም ተምሮ ማስረጃው እቤቱ የቀረበት ሰው ቢኖር ዕውቀቱ የሚመዘንበት መንገድ ያስፈልጋል። የበርታ ቋንቋም እንዲሁ ነው። ተወልዶ ያደገበት ሰው ቋንቋውን ስለተናገረ ብቻ ያስተምረው ማለት ስህተት ነው፤ ዲግሪ የለውም ብሎ መመለስም ስህተት ነው። ሰዋስዉን፣ አጻጻፉንና የማስተማሪያ ዘዴውን ይመዘን፣ የጎደለውን ይሠልጥን፣ ከዚያ ይመደብ።

የምንለምነው ይህን ነው። እያንዳንዱ ኮሌጅና ትምህርት ቤት በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ገጽ ይለጥፍ፦ ኮርሱ፣ ኮርሱ የሚመደብበት መስክ፣ የመምህሩ የትምህርት ዝግጅት። ከመስኩ ውጭ የተመደበ ካለ እስከ መቼ እንደሆነና ምን ሥልጠና እንደሚሰጠው ይጻፍ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ለፍተሻ ሲመጣ መጀመሪያ ያንን ገጽ ይይ። ትምህርት ሚኒስቴር ለትንንሽ ትምህርት ቤቶች መምህር ሲያሠለጥን ማይነሩን ይመልስ። ወላጆችም ልጆቻችሁን «ስንት አመጣህ» ከማለታችሁ በፊት «ማን ያስተምርሃል? በምን የተመረቀ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ወላጅ ካልጠየቀ ይህ ገጽ አይለጠፍም።