ጠቡ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው

ወሎ ውስጥ ወረባቦ ወረዳ፣ ቢስቲማ ገበያ ላይ ቋንቋ የሚያጣላው ሰው አላየሁም። ነጋዴው ከቆላ ፍየል ነድቶ ለመጣው በአፋርኛ ዋጋ ይጠራል፣ ከባቲ ወገን ለመጣው በኦሮምኛ ይከራከራል፣ ሲናደድ በአማርኛ ይራገማል፣ ሲምል «ወላሂ» ይላል። ሰርተፊኬት ግን የለውም።

የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻው ይማር ካለ ወዲህ፣ በአማራ ክልል ኦሮምኛም አዊኛም ኽምጣንጋም ክፍል ገብተዋል። ባቲ ላይ በኦሮምኛ፣ በላቲን ፊደል ሒሳብ የሚማር ልጅ አለ፤ ወዲህ ወረባቦ ላይ በአማርኛ። ሁለቱ ሰኞ ባቲ ገበያ ቢገናኙ አስተርጓሚ የሚፈልጉ አይመስለኝም።

ደም ሥሩ የሚገተረው አዋቂው ነው። ስብሰባ ላይ «ቋንቋችን ማንነታችን!» እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበው ሰውዬ፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ የገዛ ልጁን ደሴ ወይ ኮምቦልቻ ወስዶ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር የግል ኬጂ ያስገባታል። የምርቃት ቀን ልጅቱ ጥቁር ካባዋን እየረገጠች መድረክ ላይ በእንግሊዝኛ ትዘምራለች። አያት «ምን አለች?» ይላሉ። አባት እሱም አልገባውም፤ ቢሆንም በስልኩ እየቀረጸ «ዝም ብለሽ አጨብጭቢ እማዬ!»

ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆንና የቋንቋው ጠብ ሁሉ ያበቃል። የኦሮምኛውም የአማርኛውም ልጅ እኩል እንግሊዝኛ ላይ ይወድቃል። የባዮሎጂ መምህሩ አንድ አንቀጽ ከመጽሐፉ ያነባል፣ በአማርኛ ያብራራል፣ ኖቱን በእንግሊዝኛ ያስጽፋል። «ገባችሁ?» «አዎ ቲቸር!» ገልባጩ ሁሉ ቆንጆ የእጅ ጽሑፍ አለው።

ከዚያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ይመጣል። የ2014ን ፈተና ከወሰዱት ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱ ሁሉ የእንግሊዝኛ ነው አልልም፤ ወሎ በዚያ ዓመት በጦርነቱ መጽሐፍ ሳይሆን ነፍሱን ይዞ ሲሮጥ ነበር።

ውጤቱ ሲወጣ መፍትሔ አዋቂ አይጠፋም፦ «እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ይጀመር!» ኧረ ወገን፣ ያው የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጥ ብሏል እኮ! ሐሳቡን ከሚያቀርቡት ብዙዎቹም በዚያው መንገድ ያለፉ ናቸው። ሐሳቡን የሚያቀርቡት ታዲያ በአማርኛ ነው።