የተከሰሰው ድንጋይ

በአገራችን እንደ ድንጋይ ያለ ጥፋቱ የተከሰሰ የለም። ጨብጥ የያዘውን ሰው «ከየት አመጣኸው?» በሉት፤ ፀሐይ ሲያግለው የዋለ ድንጋይ ላይ ሸንቶ ነው። ድንጋይ ከሌለ ጨረቃ አለች፤ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ ሲሸና ለክፋው ነው። ጨረቃም ካልወጣች ውሻ አይጠፋም፤ እሱ በሸናበት ሸንቶ ነው። ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ ለማንኛውም በሽታ ዋስ የሚቆመው ብርድ አለ። በዚህ ሁሉ የተከሳሾች ዝርዝር ውስጥ ሰው የሚባል ፍጡር የለበትም።

የመሥሪያ ቤት ሰው ከሆነማ መከላከያው የተደራጀ ነው። ፊልድ ወጥቶ፣ ቆላ ወርዶ፣ ሙቀት መትቶት ነው። ሲመለስ የአበሉን ሂሳብ ከነደረሰኙ አወራርዷል። አንዲት ሌሊት ብቻ ደረሰኝ ስላልነበራት በድንጋይ ስም ተመዘገበች።

ጨብጥን የሚያመጣውን ባክቴሪያ ጀርመናዊው ሐኪም አልበርት ናይሰር ያገኘው በ1879 እ.ኤ.አ. ነው፤ አድራሻውም የታወቀ ነው፤ ብልት፣ ፊንጢጣ፣ ጉሮሮ፣ ብቻ ሞቅና ረጠብ ያለ የሰው ገላ። ከአንዱ አዋቂ ወደ ሌላው የሚሄደውም በሩካቤ ነው። ከገላ ሲወጣ ደርቆ ቶሎ ይሞታል። የጋለው ድንጋይ ጀርሙን ቢያገኘው ይገድለዋል እንጂ ለሰው አያቀብለውም። ሌባ የሚያባርረውን ዘበኛ በሌብነት እንደ መክሰስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ 82 ሚሊዮን ያህል ሰው በጨብጥ እንደተያዘ ገምቷል። ዓለም ያን ሁሉ የጋለ ድንጋይ ከየት አመጣችው?

ሰሞኑን የራስ ምታት መድኃኒት ልገዛ ፋርማሲ ገብቼ ነበር። የጋብቻ ቀለበት ያሰረ ጎልማሳ ተራው ደርሶ ሳለ «ወንድሜ፣ አንተ ቅደም» አለኝ። በዚህ ከተማ ወረፋ የሚለቅ ሰው ነገር አለው ብዬ፣ ከፍዬ ስጨርስ መልሴን ደጋግሜ እየቆጠርኩ ዘገየሁ። መጀመሪያ ማስቲካ ገዛ። ቀጥሎ ፕላስተር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለአንድ ጓደኛዬ ነበር… ሲሸና ያቃጥለዋል» አለ።

«መግልስ አለው?» አለች ባለመድኃኒቷ፣ የሷን ድምፅ ምንም ሳትቀንስ።

«ኧረ ቀስ በይ! አዎ፣ አለው» ብሎ የጓደኛው ሕመም እሱን የሚወጋው ይመስል እግሩን አቆላለፈ። «አሞክሳሲሊን ስድስት ፍሬ ብትሰጪኝ…»

«ስድስት ፍሬማ ለዚህ ጀርም ቁርሱ ነው። ፔኒሲሊኑን ለመደው፣ ቴትራሳይክሊኑን ለመደው፣ ሲፕሮውንም ለመደው፤ እንዲህ በስድስት ፍሬ እየቀለብን ነው ያሳደግነው። ጤና ጣቢያ ሄዶ መርፌውን ይወጋ። ባለቤቱም አብራው ትሂድ።»

«እሷ ለምን? እሷማ ደህና ናት፤ ምንም አላላትም።»

እዚህ ላይ ሳቄ ከጉሮሮዬ ተመለሰ። ወንዱን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ እያቃጠለ የሚያስጮኸው በሽታ፣ ብዙ ሴቶች ላይ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣልና። ሳይታከም ሲቆይ ወደ ማሕፀንና ወደ ቱቦዎቹ ይወጣል፤ ቱቦዎቹን አቁስሎ ሊዘጋ፣ ጽንሱንም ከማሕፀን ውጭ ሊያስቀር ይችላል። ብታረግዝና ብትወልድ ደግሞ ሕፃኑ ሲወለድ ዓይኑን ሊይዘው ይችላል። ካላረገዘች የባል ዘመድ «መካን ናት» ማለት ይጀምራል። ከጠበል ጠበል የምትንከራተተው እሷ ናት። ባልየው ጀሪካኑን ተሸክሞ ይሸኛታል፤ ያን ቀን ስለ ድንጋይ የሚያነሳ ማንም የለም።

ጎልማሳው ግን ገና አልተረታም።

«እሱ እኮ የያዘው ከሰው አይደለም፤ የጋለ ድንጋይ ላይ ሸንቶ ነው» አለ፣ ለጓደኛው ጥብቅና እንደቆመ።

ባለመድኃኒቷ መነጽሯን አውልቃ በጋውኗ ጫፍ ጠረገች።

«እንግዲያው ድንጋዩን ተሸክሞ ይሂድ» አለችው። «አብረው ካልታከሙ ተመልሶ ይይዘዋል።»