የዘጠና ዲግሪ ዜጎች

«ኮከባችን አልገጠመም» የምትለው አባባል በአገራችን ብዙ ሥራ ትሠራለች። ባልና ሚስት ይፋቱባታል፣ ተከራይና አከራይ ይለያዩባታል፣ አለቃም ሠራተኛውን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውርባታል። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ይህን መልስ የሰጠ ሰው ሁለተኛ ጥያቄ አይመጣበትም። ሆኖም አለመግጠሙ በስንት ዲግሪ እንደሆነ እስካሁን የለካ የለም። ይህ ጥናት የተዘጋጀው ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው።

የኮከብ ቆጠራ ንድፈ ሐሳብ ከባድ አይደለም። ሰው በሚወለድበት ቅጽበት ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች በ360 ዲግሪ ክብ ላይ የየራሳቸውን ቦታ ይይዛሉ። ክቡ ለ12 ኮከቦች ተመትሯል፤ ለእያንዳንዱ 30 ዲግሪ ደርሶታል። ጠባይ የሚወጣው ግን ማን የት ተቀመጠ ከሚለው ብቻ አይደለም፤ ማን ማንን በምን ማዕዘን እያየ ነው የሚለውም ይቆጠራል። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ላይ የኖረው ፕቶሎሚ ይህን በሥርዓት ጽፎታል፦ በ60 እና በ120 ዲግሪ የሚተያዩ ይስማማሉ፣ በ90 እና በ180 የሚተያዩ ይቃረናሉ። አንድ ቦታ የተቀመጡት እንደየባሕርያቸው ነው። ከ1,400 ዓመት በላይ ቆይቶ ዮሐንስ ኬፕለር መጣ፤ የፕላኔቶች ምሕዋር ሞላላ መሆኑን ያረጋገጠው ያው ኬፕለር። እርሱም 72፣ 135 እና 144 ዲግሪን ጨመረ። የሰው አመል በአራት ማዕዘን የሚያልቅ ሆኖ አላገኘውም ማለት ነው።

ማዕዘኑ ልክ 90 ባይሆንስ? መስኩ ለዚህም አስቦበታል። እንደ ባለሙያው ቸርነት ግራና ቀኝ እስከ ስምንት ዲግሪ ድረስ ይታለፋል። ፀሐይንና ጨረቃን ጨምሮ አሥር አካላት ከተቆጠሩ 45 ጥንድ ይወጣቸዋል። በስምንት ዲግሪ ቸርነት ዜሮን ጨምሮ ዋናዎቹን አምስት ማዕዘኖች ብንፈልግ፣ በደምሳሳው ከየሦስቱ ጥንድ አንዱ እንዲያው በዕድል አንዱ ላይ ያርፋል። ስለዚህ የሚረዳው ማዕዘን የሌለው ሰው የለም፤ የሚያሰናክለው የሌለውም እንደዚሁ። ይህ የመስኩ ትልቁ ጥንካሬ ነው፤ ባዶ እጁን የሚመለስ ደንበኛ አይኖርም።

የእይታዎቹ ትርጉም በብዙ መጽሐፍ ተዘርዝሯል። ጨረቃ ሜርኩሪን በ120 ስታየው ባለቤቱ ስሜቱን በቃል መግለጽ ይሆንለታል፤ ለሽምግልና ይጠራል። ቬነስና ሳተርን በ90 ሲተያዩ ፍቅር ይዘገያል፣ ከመጣም ደረሰኝ ይጠይቃል። ከሁሉም የከፋው የማርስና የሳተርን 90 ነው። ማርስ ሂድ ይላል፣ ሳተርን ቆይ ይላል። የተጠቂው ምልክቶች መቆጠብ፣ መጠበቅ፣ መናደድና እንደገና መቆጠብ ናቸው። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም የተመዘገበ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ፣ በየትኛውም ወር ይወለድ፣ እነዚህን ምልክቶች በሙሉ ማሳየቱ ለመስኩ እስከ ዛሬ ያልተፈታ እንቆቅልሽ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው መረጃ ሲሰበሰብ ነው። የልደት ሰንጠረዥ የተወለዱበትን ደቂቃ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም በምሥራቅ አድማስ ብቅ የሚለው ዲግሪ፣ የቲክቶክ ወጣቶቻችን «ራይዚንግ» የሚሉት፣ በየአራት ደቂቃው ገደማ አንድ ዲግሪ ይጓዛል። በዚህ ጥያቄ ወደ እናት የሚሄድ ተመራማሪ የሚከተለውን ይሰበስባል።

«እማዬ፣ የተወለድኩት ስንት ሰዓት ነው?»

«ከብቶቹ ገብተው ነበር።»

«ከገቡ ምን ያህል ቆይተው?»

«ገና አልታለቡም።»

«ቀኑስ?»

«የሚካኤል ማግስት።»

«የትኛው ሚካኤል?»

«የኅዳሩ መሰለኝ። ጤፉ እየታጨደ ነበር።»

ይህ ማስረጃ እንደሚወራበት ደካማ አይደለም። ሚካኤል በ12 ስለሚውል ማግስቱ 13 ነው፤ በዚህ ላይ አንዲት እናት አትሳሳትም። አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከብት የሚገባበት ሰዓት ብዙም አይዋዥቅም። በመግባትና በመታለብ መካከል ያለው ጊዜ ግን ላሟ እንደምትፈቅደው ነው። ሦስት ሩብ ሰዓት ብትግደረደር 11 ዲግሪ ገደማ ሄደ፤ ከተፈቀደው ቸርነት በላይ ማለት ነው። ወሩ በአንድ ቢዛነፍ ደግሞ ፀሐይ አንድ ሙሉ ኮከብ ታልፋለች። ጨዋ የተባለው ልጅ በዚያው ቅጽበት አመለኛ ይሆናል፣ እናቱም «ድሮም ጠርጥሬ ነበር» ትላለች።

ዋናው ግኝታችን ግን የከተማዋን ልጅ ይመለከታል። እርሷ ሰዓቱን ታውቃለች፤ በክሊኒኩ ካርድ ላይ ጥቅምት 5 ቀን 1985፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተብሎ ተጽፎላታል። ስልኳን ታወጣለች፣ የኮከብ መተግበሪያውን ትከፍታለች፣ ጥቅምት ሁለተኛ ወር ስለሆነ 2፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ 1985 ታስገባለች። ሌሊቱን «ኤኤም» ትለዋለች፤ 8 ሰዓት ኤኤም።

አሁን ስሌቱን እንከተል። በእኛ 8 ሰዓት ሌሊት የፈረንጁ 2 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ ስድስት ሰዓት። ምድር በስድስት ሰዓት ሩብ ዙር ትዞራለች፤ ሩብ ክብ ደግሞ 90 ዲግሪ ነው። መተግበሪያው ቀኑን በፈረንጅ ስለሚቆጥረው የዓመቱ ልዩነት ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ይሆናል። ሳተርን ፀሐይን ለመዞር ከ29 ዓመት ተኩል ጥቂት የሚያንስ ጊዜ ስለሚፈጅበት፣ በሰባት ዓመት ከስምንት ወር በአማካይ 94 ዲግሪ ይጓዛል። በቸርነቱ ውስጥ ስለሆነ 90 ብለን መዝግበነዋል። ልጅቱ በሰዓት በኩል ራሷን በ90 ታያለች፣ በዘመን በኩልም ሳተርኗ የገዛ ሳተርኗን በ90 ያያል። ሌላው ዓለም ይህን እይታ ለማግኘት የተወሰነ ቀን መወለድ አለበት። እኛ ቅጽ ስንሞላ እናገኘዋለን።

በነገራችን ላይ የልጅቱ እውነተኛ ልደት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 15 ቀን 1992 ስለሆነ ፀሐይዋ ሊብራ ነበረች፤ በስልኩ ግን አኳሪየስ ሆና ወጥታለች። ሁለቱም የነፋስ ኮከቦች ስለሆኑ ቅር አላላትም። እንዲያውም «ልክ እኔን!» ብላ ለጓደኞቿ ልካዋለች።

ከዚህ በመነሣት «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» የሚለው ጥያቄ አዲስ ክብር ይገባዋል። ቀጠሮ በተያዘ ቁጥር የምንጠይቀው የሰዓት ጉዳይ ይመስለን ነበር። በመስኩ ዓይን ሲታይ ጥያቄው ያ ሰው በየትኛው ጠባዩ እንደሚመጣ ማጣራት ነው። ካልተጠየቀ ስድስት ሰዓት ያረፍዳል፣ ወይም ስድስት ሰዓት ቀድሞ መጥቶ ይቀየማል፤ ሁለቱም በፕቶሎሚ የተገለጹ የ90 ዲግሪ ውጤቶች ናቸው ብሎ መከራከር ይቻላል።

አንዳንድ የሥነ ፈለክ ሰዎች ፀሐይ በዓመት የምታቋርጣቸው ኅብረ ከዋክብት 13 እንጂ 12 አይደሉም እያሉ መስኩን ለማሳፈር ይሞክራሉ። አሥራ ሦስተኛው ኦፊዩከስ ነው፤ ፀሐይ እዚያ የምትቆየው 18 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ይህ ክርክር ሌላ አገር ያስደነግጥ ይሆናል። ደመወዝ የማይከፈልባትን አሥራ ሦስተኛ ወር ይዞ ለኖረ ሕዝብ ግን አዲስ ነገር የለውም።

የአገር ቤቱ ሊቅ ይህን የሰዓትና የዘመን ጣጣ ቀድሞ ስለተረዳ ሰዓትም ዘመንም አይጠይቅም። በዐውደ ነገሥት ሥርዓት የሚፈለገው የባለጉዳዩ ስምና የእናቱ ስም ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ተደምሮ በ12 ይገደፋል፤ የተረፈው ኮከብን ይነግራል። አንድ ከተረፈ ሐመል፣ ሁለት ሠውር፣ ሦስት ገውዝ እያለ እስከ ሑት ይወርዳል። ከዚያ እሳት፣ መሬት፣ ነፋስ፣ ውሃ ይባላል፤ እሳትና ውሃ ሊጋቡ ሲመጡ ደብተራው ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ሐመል፣ አሰድና ቀውስ እሳት ናቸው፤ በክቡ ላይ ቢለኩ በመካከላቸው 120 ዲግሪ ይገኛል። የፕቶሎሚ መስማማትና የደብተራው መስማማት አንድ ሆነ ማለት ነው። ስሞቹ በዓረብኛ በኩል ስለመጡ ዝምድናው ብዙም አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ይህም ሥርዓት የራሱ ፈተና አለበት። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአፍ አንድ ቢሆኑም በቁጥር ይለያያሉ፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀም እንዲሁ። አባቱ «ኃይሉ» ብሎ ያወጣለትን ልጅ የወረዳው ጸሐፊ ቸኩላ «ሀይሉ» ብትለው፣ ባንድ ጣት ምት ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው ታሻግረዋለች። መታወቂያውን ሲያሳድስ «ሐይሉ» ሊሆን ይችላል። በአገራችን ሰው በሠላሳ ዓመቱ ጠባዩ ተለወጠ ሲባል ቤተሰብ ሚስቱን ይወቅሳል፤ መታወቂያውን ያየ የለም።

የእናት ስም ደግሞ ይብሳል። አንዲት እናት ወላጆቿ ያወጡላት ስም አላት፣ የክርስትና ስም አላት፣ ስታገባ የባሏ ቤተሰብ ያወጣላትም ሊኖር ይችላል። ሦስቱ ሦስት ኮከብ ይሰጣሉ። ልምድ ያለው ባለሙያ ሁሉንም ቆጥሮ ከደንበኛው ፊት ጋር የሚስማማውን ያስቀራል። ይህ ዘዴ በዘመናዊ ስታቲስቲክስም በሰፊው ይሠራበታል፤ እዚያ ግን ነጭ ጋዎን ይለበስለታል።

መስኩን የሚጠራጠሩ ሁለት ሥራዎችን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው የሻውን ካርልሰን ሙከራ ኮከብ ቆጣሪዎች የአንድን ሰው የልደት ሰንጠረዥ ከሦስት የጠባይ መግለጫዎች መካከል ከትክክለኛው ጋር እንዲያዛምዱ ጠይቋቸው ነበር፤ በግምት ከሚገኘው አንድ ሦስተኛ አላለፉም። ያ ሙከራ የተደረገው ሰዓታቸውን በትክክል በሚያውቁ ሰዎች ላይ ስለሆነ እኛን አይመለከትም።

ሁለተኛው ትንሽ ያሳስባል። እ.ኤ.አ. በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ የሥነ ልቦና መምህር ለተማሪዎቹ ጠባያችሁን የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጀሁ ብሎ አደላቸው። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከአምስት በአማካይ 4.26 ሰጡት። ወረቀቱ ለሁሉም አንድ ነበር፤ ያጠናቀረውም ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው። ደብተራው ግን ይህን ሁሉ ድካም በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፦ «አመድ አፋሽ ነህ።» ይህን ሰምቶ «አይ፣ እኔስ ውለታዬ ሁሌም ይመለስልኛል» ያለ ኢትዮጵያዊ ለዚህ ጥናት አልተገኘም። ሁሉም ለሰው ያደርጋል፣ ለማንም አይደረግለትም። በአገር ደረጃ ሲደመር ሒሳቡ አይዘጋም፤ የተደረገው ሁሉ ለማን እንደተደረገ የሚነግረን ሰው ስለጠፋ ጉዳዩን ለኢኮኖሚስቶች ትተነዋል።

ንድፈ ሐሳቡ ያለ አንዳች ጉድለት የሚሠራበት አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ግን አለ። የልደት ማስረጃ ሳይኖራቸው በስደት አሜሪካና ሌላ አገር የገቡ ብዙ ወገኖቻችን በመዝገብ ላይ የተወለዱት ጃንዋሪ 1 ነው። በዚያ ቀን ፀሐይ ካፕሪኮርን ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ትገኛለች፤ የእኛው ጀዲ። ጌታው ሳተርን ነው። መጻሕፍቱ የካፕሪኮርንን ሰው ጠባይ ሲዘረዝሩ ታታሪ፣ ቆጣቢ፣ ሳቁ የማይበዛ፣ የቤተሰብ ሸክም የማይከብደው፣ ዘግይቶ የሚሳካለት ይሉታል። አሁን ቀን መኪና ማቆሚያ ሌሊት ታክሲ ላይ የሚሠራውን፣ ዕቁቡን የማያስተጓጉለውን፣ በየወሩ ለእህትም ለአጎትም የሚልከውን ሰው እንመልከት። አንድ ነጥብ አልተሳሳተም። ከሁለት ሺህ ዓመት የኮከብ ጥናት ይልቅ የስደተኞች ጉዳይ ጸሐፊው የሰውን ጠባይ በትክክል ወስኗል፤ እርሱም የተጠቀመው በአንድ ብዕርና በአንድ ቀን ነው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ጃንዋሪ 1 ከሆኑ ደግሞ ፀሐዮቻቸው በዜሮ ዲግሪ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። ኮከብ አልገጠመም ብለው መፋታት የማይችሉት እነዚህ ብቻ ናቸው፤ ጠበቃ መቅጠር ይኖርባቸዋል።

መስኩ ወደፊት የተሻለ መረጃ እንደሚያገኝ ተስፋ አለ። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል፤ ልጆችም በጤና ተቋም ሲወለዱ ቀኑና ሰዓቱ በካርድ ይያዛል። ከነዚህ ካርዶች አንዱን ለናሙና ተመልክተነዋል። ጽሑፉ ንጹሕ ነው፣ ማኅተሙ ይነበባል፣ ክብደቱ እስከ ግራም ድረስ ሰፍሯል። ሰዓቱም 8፡20 ይላል። አዋላጇ በሐበሻ ይሁን በፈረንጅ አልጻፈችም።